ባዶ የተውኩት አራተኛ ገጽ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ሰውነቴ ወሬው አልደረሰውም ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ ቦርሳዬን ስፈልግ ባለቤቴ ዳዊት ከአልጋው ሳይነሣ «አንቺ ሴት፣ ማን ሞተ?» ይለኛል። ማንም አልሞተም። አርባ ዓመት ሙሉ በሽተኛ የሚጠብቀኝ ሰው ነበርኩ፤ የሚጠብቀኝ ሲጠፋ ቤቱ ጠበበኝ። ልጄ ሁለት ሳምንት ታገሠችኝና «ማማ፣ ሽራይብ ዶኽ» አለችኝ፤ ጻፊው እንጂ ማለቷ ነው። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ ደመወዝና ስለ ወረቀት ግን አላበዛም። ጀርመን አገር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያልሠራም ባያውቀው ይሻለዋል።

ሥራ የጀመርኩት ፍራንክፈርት፣ ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ በረዳትነት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ጀርመንኛዬም ከ«እንደምን አደሩ» ብዙ አይርቅም። እዚያ ሰው ማጠብ ተማርኩ። ቀላል ይመስላል። አንድን ሽማግሌ ሳያሳፍሩ ማጠብ፣ አንዱን ወገን ሸፍኖ ሌላውን እያበሱ፣ ውኃው ሳይቀዘቅዝ መጨረስ፣ በዚያው መሀል ደግሞ ተረከዙ ላይ ቁስል ልትሆን የቀላች ቦታ መኖሯን ማየት በወር በሁለት ወር የሚለመድ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ የነርስነት ትምህርት ገባሁ፤ ሦስት ዓመት ፈጀ። ከዚያ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ሃያ አራት ዓመት ሠራሁ። አራት የክፍል ኃላፊዎች አሳልፌአለሁ። አንዷ ትጮኻለች፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ ሦስተኛው ለእረፍት እንደሄደ ቀረ። አራተኛዋ ጥሩ ሰው ነበረች፤ ስለ ጥሩ አለቃ ደግሞ ብዙ የሚወራ የለም።

ከሆስፒታሉ ያስወጡኝ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ናቸው። ልባቸው ደካማ ነበር። በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ እግራቸው አብጦ መጡ። ውኃውን በመድኃኒት እናስወጣለን፣ ወደ ቤታቸው እንሸኛለን፣ በሦስት ሳምንት ተመልሰው ይመጣሉ። በሦስተኛው ጊዜ ፀጉራቸውን እያበጠርኩ ምን እንደሚበሉ ጠየቅኋቸው። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተቆልምመው ክዳን መክፈት ስለማይችሉ ጠዋት ማታ የፓኬት ሾርባ ነበር የሚጠጡት። ሾርባው ጨው ብቻ ነው፤ ጨው ደግሞ ውኃ ይይዛል። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ሦስት ጊዜ ቀይረዋል፤ ወጥ ቤታቸውን ያየ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አላየሁም። በዚያው ዓመት ሆስፒታሉን ለቅቄ ቤት ለቤት ወደሚያስታምም ድርጅት ገባሁ።

እዚያም ቢሆን ሩጫ ነው። አንዱን አጥበሽ፣ የሌላውን ቁስል ጠቅልለሽ፣ ጊዜ አልቋል ተብሎ ትወጫለሽ። አምስት ዓመት እንደሮጥኩ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው አንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ለቤተሰብ ነርሶች የማስተርስ ትምህርት መክፈቱን ሰማሁ። የቤተሰብ ነርስ ማለት አንድን ቤተሰብ ይዛ የምትከታተል፣ ቤቱ ድረስ ሄዳ መርምራ፣ ከቤተሰቡ ሐኪም ጋር ተማክራ የሕክምናውን ዕቅድ የምታወጣ ናት። የሐኪም እጅ አይደለችም፤ ላየችው ነገር ራሷ ትጠየቃለች። ያንን ስሰማ ልቤ ሸፈተ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከጉባኤያችን አንዲት እኅት፣ በፍቅር ነው ይባላል፣ «አስቱ፣ ካረጁ አይበጁ» አለችኝ። እኔም ማመልከቻዬን በማግስቱ ላክሁ። አትችይም ያሉኝን ነገር ሁሉ ከማግስቱ አሳልፌ አላውቅም።

ክፍል ውስጥ ከእኔ ቀጥላ በዕድሜ የምትበልጠው ልጅ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ጠዋት ጠዋት አጭር ጸሎት አለ፤ ጀርመኖቹ ግማሹ ቡናቸውን ይዘው እያዛጉ ይቀመጣሉ፣ እኔ ብቻ በሙሉ ድምፄ እዘምራለሁ። ስታቲስቲክስ ግን አስለቀሰኝ። ዳዊት ሰሃን ያጥባል፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ቀመር እጽፋለሁ፣ ሁለታችንም አንነጋገርም። ይህ ሁሉ ግን ይቻላል። የማይታለፈው የመጨረሻው ልምምድ ነበር፤ አንድ ቤተሰብ ይሰጥሻል፣ ወራት ሙሉ ትከታተያለሽ፣ በመጨረሻ ፈታኞች እዚያው ቤት መጥተው ስትሠሪ ያዩሻል። ያንን ያላለፈ ዲግሪ የለውም፤ በሰው ቤት በራሱ ስም አይገባም። እኔ ደግሞ ከዚያ በቀር ምንም አልፈልግም ነበር።

የልምምድ መምህሬ ፍራው ዶርንባህ ይባሉ ነበር፤ ፍራው ወይዘሮ ማለት ነው። በዕድሜ እኩያዬ፣ አጭር፣ ፀጉራቸውን ራሳቸው በመቀስ የሚቆርጡ የሚመስሉ ሴት። ብዙ አያስተምሩም፤ ይዘውሽ ይሄዳሉ። በር ላይ ደወል ከመጫናቸው በፊት ጥቂት ቆመው ያዳምጣሉ፦ ቴሌቪዥን፣ ሳል፣ ጠብ። ከገቡ በኋላ እጃቸውን የሚታጠቡት መታጠቢያ ቤት ሳይሆን ወጥ ቤት ነው። «እጄን እዚህ ብታጠብ ይፈቅዱልኛል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እየታጠቡም ድስቱን፣ የቆሻሻውን ቅርጫት፣ የታጠበውንና ያልታጠበውን ሰሃን ያያሉ። ኮምፒውተር በሰው ቤት አይከፍቱም። «አብዛኛውን ጊዜ ምን ይበላሉ?» ብለውም አይጠይቁም። ሰው «አብዛኛውን ጊዜ» ስትይው መሆን የሚፈልገውን ሰው ይነግርሻል ይሉ ነበር። እሳቸው የሚሉት «ትናንትን ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ ይንገሩኝ» ነው።

የምንሞላው ቅጽ አራት ገጽ ነበረው። አራተኛው ስለ እምነት ይጠይቃል፤ ትምህርት ቤቱ የክርስቲያን ስለሆነ ያንን ገጽ እንደ ደም ግፊት ነበር የሚያከብሩት። ሰውየው ለእምነቱ ሲል የሚያደርገውና ሰውነቱን የሚነካ ነገር አለ ወይ ነው ጥያቄው። ጀርመኖቹ ልጆች በዚያ ገጽ ያፍሩ ነበር፤ እኔ እስቅባቸው ነበር። በልቤ፣ ስለ እምነት መጠየቅ ለእኔ ምን ያቅተኛል እል ነበር።

የተሰጡኝ ቤተሰብ ጋሽ ተሰማ ሆኑ። ቦናመስ የሚባል ሰፈር፣ ቤን ጉርዮን ሪንግ መንገድ ላይ፣ ዘጠነኛ ፎቅ። በወጣትነታቸው ለምህንድስና ትምህርት መጥተው፣ አገር ቤት ያለው ነገር ሲበላሽ መመለሻ ያጡ፣ ማሽን ሲነድፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል። ልጃቸው ሊያ በየሁለት ቀኑ ትመጣለች። ስኳር አለባቸው፤ ኩላሊታቸውም እየደከመ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ስኳር የምታወርድ ኪኒን ይወስዳሉ። ጀርመንኛቸው ከእኔ ይበልጣል። የተዋሕዶ ልጅ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። እኔ ጴንጤ መሆኔን ገና በሩን ሳልከፍት ያውቁታል፤ ፍራንክፈርት ላይ የሐበሻ ወሬ ከኤስ-ባን ባቡር ይፈጥናል። ሆኖም «ልጄ» ብለው ተቀበሉኝ።

እግራቸውን መረመርኩ፣ ግፊታቸውን ለካሁ፣ ስለ እንቅልፋቸው ጠየቅሁ። ሦስት ገጽ ሞላሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። የሁዳዴ ጾም ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። ከዓመታት በፊት፣ ሆስፒታል ሳለሁ፣ አንዲት እናት ምሳቸውን ሳቀርብላቸው «ይቺ ጴንጤ ጾሜን ልታስፈታኝ ነው» ብለው ለልጆቻቸው ደውለውብኝ፣ ወሬው ከተማውን ዞሮ እኔው ጋ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ለኦርቶዶክስ ሰው ስለ ጾም ላልናገር ለራሴ ምያለሁ። እናም ጋሽ ተሰማን «ምግብ እንዴት ነው፣ ይበላሉ?» አልኳቸው። «ተመስገን» አሉኝ። መድኃኒቱንስ? «አንድም ቀን አልዘለልኩም።» ሁለቱም እውነት ነበር። ገጹ ላይ «ኦርቶዶክስ» ብዬ ጻፍኩና ቀሪውን ባዶ ተውኩት። ፍራው ዶርንባህ ቅጹን አይተው እዚያ ገጽ ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አደረጉበት። እሞላዋለሁ አልኳቸው። አልሞላሁትም።

በጾሙ አምስተኛ ሳምንት፣ ሮብ ቀን፣ ጋሽ ተሰማ ቅዳሴ ሊሄዱ ወጡ። ኪኒናቸውን ጠዋት ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ወስደዋል። እህል ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። ለሐኪሙም ለእግዚአብሔርም ታዘዙ። ኡ-ባን የተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሳቱና ተንከባለሉ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ።

ሊያ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። አልጮኸችም። በጀርመንኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው። «አባቴ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማይበላ ፍራንክፈርት ላይ የማያውቅ ሐበሻ የለም። አንቺ አታውቂም ነበር?» አለችኝ። ይህን እስከ ዛሬ መመለስ ያሳፍረኛል። ጀርመናዊት ብሆን አላውቅም ነበር እል ነበር። አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያልጠየቅኩት።

ፍራው ዶርንባህ አላጽናኑኝም። ልምምዱ አላለፈም አሉ፤ መድገም እችላለሁ፣ ማቆምም እችላለሁ። ለምን እንዳልጠየቅሁ ሲጠይቁኝ ለሰውየው ካለኝ አክብሮት ነው አልኩ። «ከእርስዎና ከእሳቸው የማን ክብር ነበር?» አሉኝ። የጠበቅሁት ስሜን ነበር፤ ደግሞ «ጾም አስፈቺ» እንዳልባል። አንድ ሽማግሌ ለእኔ ስም ሲባል አጥንቱ ተሰበረ። ቤቴ ገብቼ ትምህርቱን አቆማለሁ ብዬ ለዳዊት ነገርኩት። ዳዊት አውቆኝ ኖሮ እሺ አለ፤ ተከራክሮኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አቆም ነበር። እሺ ማለቱ አናደደኝ። በነጋታው ለመድገም ተመዘገብኩ።

ከዚያ በፊት ግን ጋሽ ተሰማ ፊት መቆም ነበረብኝ። አልጋቸው ዳር ወንበር ስቤ ተቀምጬ፣ ጾም ላይ መሆናቸውን እያወቅሁ እንዳልጠየቅኋቸው፣ ለምንም እንዳልጠየቅሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ሰሙኝ።

«ብትጠይቂኝ እውነቱን የምነግርሽ መስሎሻል?» አሉኝ። «እበላለሁ ነበር የምልሽ። ስለ ጾሜ ለጴንጤ መልስ አልሰጥም።»

«አሁንስ ጋሼ?»

«አሁንማ እግሬን አስረሽ ያዝሽኝ፣ የት እሸሻለሁ?»

ሳቁ፤ ሲስቁ ዳሌያቸው አመማቸውና ፊታቸው ተጨማደደ። እኔ አልሳቅሁም። መጠየቅ ብቻውን እንደማይበቃ ያን ቀን ገባኝ፤ ሰውየው እውነቱን ሊሰጠኝ የሚፈልግ ነርስ መሆን ነበረብኝ። እንደገና ልከታተላቸው ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ለመንኳቸው። ሊያ አልወደደችውም። እሳቸው ግን «የሠራችውን ታስተካክል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቀስ ያለ ሥራ ነበር። ኪኒኗ ቀርታ በቀን አንዴ ጠዋት የሚወጉት ኢንሱሊን ታዘዘላቸው። መርፌውን ራሳቸው እንዲወጉ፣ ሆዳቸው ላይ ቦታ እየቀያየሩ፣ አስተማርኳቸው፤ መሐንዲስ ናቸውና ሆዳቸውን እንደ ካርታ በአራት ከፈሉት። ወጥ ቤታቸው ውስጥ እጄን እየታጠብኩ ድስታቸውን ማየት ለመድኩ። ትናንትን ይንገሩኝ እላለሁ፤ መጀመሪያ አሳጥረው፣ በኋላ ግን ዘርዝረው ይነግሩኝ ጀመር። እኔም ስለ ራሴ ጉባኤ ሲጠይቁኝ ሳልሸሽ እመልሳለሁ። አንዳንዴ እንከራከራለን፤ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፉት እሳቸው ናቸው፣ ቢያንስ እሳቸው እንደሚሉት።

የቀጣዩ ዓመት ሁዳዴ ሲቃረብ የነፍስ አባታቸው ቤታቸው እንዲመጡ ጠየቅኋቸው። ቄሱ መጡ፤ እኔ ስለ መርፌው አስረዳሁ፣ እሳቸውም ሰሙ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሸክም አታበዛም፣ ጠዋት ትበላለህ፣ የጾም ምግብ ብላ፣ አሏቸው። ጋሽ ተሰማ መሬት መሬቱን እያዩ እሺ አሉ። ያን ቀን አራተኛውን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ሞላሁ። ሁዳዴው ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቂጣና ሽሮ ሲበሉ ከረሙ።

ፈተናው የተቀጠረው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ጀርመኖቹ ፋሲካን አክብረው ረስተውታል፤ የእኛም ጉባኤ ከእነሱ ጋር አክብሮ ስለጨረሰ የኦርቶዶክሱ ፋሲካ ቀን ከልቤ ወጥቷል። ከፍራው ዶርንባህና ከሌላ ትምህርት ቤት ከመጡ አንድ ሐኪም ጋር ዘጠነኛ ፎቅ ወጣን። ጋሽ ተሰማ በሩን ከፈቱ። እንደ ወትሮው ልስማቸው ስጠጋ ወደ ኋላ አሉና በአንገታቸው ብቻ እጅ ነሡኝ። ያኔ አስታወስኩ። ኦርቶዶክስ ሰው በሰሞነ ሕማማት አይሳሳምም። ሳምንቱ የሕማማት ሳምንት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የማይጾም እንኳ ያን ሳምንት ይጾማል።

ወጥ ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ። የእቃ ማጠቢያው ደረቅ ነው። አንድ ብርጭቆ እንኳ አልረጠበም። ተመልሼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ፤ ፈታኞቹ ሶፋው ላይ ናቸው፣ ወረቀታቸው ጉልበታቸው ላይ። ንግግሩ ሁሉ በጀርመንኛ ነበር። ግፊታቸውን ለካሁ። የላይኛው ከንፈራቸው ላይ ላብ አለ። ትናንትን ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ ይንገሩኝ አልኳቸው።

ጋሽ ተሰማ ወደ ፈታኞቹ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ተሻገሩ።

«ልጄ፣ ከትናንት ጀምሮ ቀን እህል አልቀመስኩም፤ ይህን ሳምንት አልቻልኩም። መርፌዋን ግን ወግቻለሁ፣ ዛሬም። አሁን ይህን ብትነግሪያቸው ይጥሉሻል። ቁርስ በልተዋል በያቸው።»

ሁለቱም ፈታኞች የእኔን አፍ ይጠብቃሉ። አማርኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ዓመቱን ሙሉ የሠራሁት ዕቅድ በፈታኞች ፊት እንዳልሠራ መናገር አለብኝ። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሦስተኛ ዕድል አይሰጥም። አልዋሽም፣ አንድ ትንፋሽ ያህል አሰብኩበት። ከዚያ በጀርመንኛ፣ ከትናንት ጀምሮ በቀን አልበሉም፣ ኢንሱሊኑን ግን ዛሬም ወስደዋል፣ አሁኑኑ ስኳራቸውን እለካለሁ አልኩ። ጋሽ ተሰማ እያንዳንዱን ቃል ሰሙ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

ጣታቸውን ወጋሁ። ስድሳ አንድ፤ ከሰባ በታች ወርዷል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ከማቀዝቀዣው የብርቱካን ጭማቂ ቀድቼ አቀረብኩላቸው። አልወስድም አሉ፤ ሕማማት ነው አሉ። ሐኪሙ ከሶፋው ሊነሡ ሲሉ ፍራው ዶርንባህ ክንዳቸውን ያዟቸው። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ብርጭቆውን በእጃቸው አስያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ነፍስ አባትዎ ያሉትን እኔ ጴንጤዋ ላስታውስዎት? ወይስ እዚሁ ልደውልላቸው?»

አማተቡና ጠጡ፣ እስከ መጨረሻው። የሰጠኋቸውንም ዳቦ በሉ። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ደግሜ ለካሁ፤ ወጥቷል። ለቤተሰብ ሐኪማቸው ደውዬ የቀረውን ሳምንት የመርፌውን መጠንና ሰዓት ተነጋገርን፤ ለጋሽ ተሰማም በትልልቅ ፊደል ጻፍኩላቸው። ለሊያ ደወልኩላት፣ ሁሉንም ነገርኳት። ያቀድኩት ሌላ ፈተና ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹን እንኳ አላሳየሁም። ስንወጣ ጋሽ ተሰማ በሩ ላይ ቆመው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉልኝ።

ሊፍቱ ውስጥ ሐኪሙ በር በሩን ያያሉ። ስድስተኛ ፎቅ አካባቢ ፍራው ዶርንባህ «እሳቸው የተናገሩት ረጅም ነበር፤ እርስዎ የተረጐሙት አጭር ነው። ምን ቀረ?» አሉኝ።

ቁርስ በልተዋል በያቸው፣ አለዚያ ይጥሉሻል እንዳሉኝ ነገርኳቸው። ፍራው ዶርንባህ ቅጹን ከቦርሳቸው አውጥተው አራተኛውን ገጽ ገለጡ፤ ጥቂት አነበቡት፣ መልሰው አጠፉት። ምድር ቤት ስንደርስ በሩ ተከፈተ፤ እሳቸው ግን አልወጡም።

«ባለፈው ዓመት እኚህ ሰው ደብቀውዎት ነበር» አሉኝ። «ዛሬ ለእርስዎ ሲሉ እኛን ሊዋሹ ፈለጉ፤ እርስዎን ግን አልዋሹም።»

የማለፌ ደብዳቤ የደረሰኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እኔ ግን ያን ቀን፣ ከሊፍቱ ስወጣ አውቄዋለሁ።